በራስ ወጪ ማሳተም ምንድን ነው?

ደራሲው ጽፎ ሲጨርስ መጽሐፉን የሚያወጣለት ድርጅት አይጠብቅም። አርታኢውን፣ ሽፋን የሚሠራለትን ሰው፣ ማተሚያ ቤቱን ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ ከፍሎ ያሳትማል፤ የታተመውንም ራሱ ይሸጣል። ትርፉ የእሱ ነው። ኪሳራውም የእሱ። በራስ ወጪ ማሳተም የሚባለው ይኸው ነው።

ሲነገር ቀላል ይመስላል። ችግሩ ብዙ ሰው "እገሌ መጽሐፍ አሳተመ" ሲባል ማተሚያ ቤት ሄዶ ብር መክፈል ብቻ ይመስለዋል። ማተሚያ ቤቱ የሰጣችሁትን ነው የሚያትመው። ፊደል ቢገደፍ፣ ታሪኩ መሀል ላይ ቢንቀራፈፍ፣ ምዕራፍ ስምንት ላይ የሞተው ሰውዬ ምዕራፍ አሥራ አንድ ላይ ቡና ሲጠጣ ቢገኝ እሱን አያገባውም። ረቂቁ ለመጽሐፍ ደርሷል ወይስ አልደረሰም፣ ስንት ቅጂ ይታተም፣ በስንት ይሸጥ፣ የት ይሸጥ የሚለውን የሚወስነው አሳታሚው ነው። በራሱ ወጪ የሚያሳትም ደራሲ ይህን ሥራ በጽሕፈቱ ላይ ይደርበዋል። ጥሩ ጸሐፊ ሆኖ መጥፎ አሳታሚ መሆን ይቻላል። እኔ ከማየው፣ የሚበዛውም እንደዚህ ዓይነቱ ነው።

በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ ሰዎች ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አማዞን በፈረንጆቹ 2007 ኪንድል የሚባለውን የኢ-መጽሐፍ ማንበቢያ ሲያወጣ ደራሲዎች ራሳቸው የሚጭኑበትን በር አብሮ ከፈተ። ዛሬ ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ለሆነ ኢ-መጽሐፍ በዋና ዋና ገበያዎች እስከ 70 በመቶ ድረስ ለደራሲው ይሰጣል። ወረቀት የለ፣ መጋዘን የለ፣ ካርቶን የለ። ስለዚህ እነሱ ጋ ሙያው በፍጥነት መጻፍና ተከታታይ መጽሐፍ ቶሎ ቶሎ ማውጣት ሆኗል። የአማዞኑ አገልግሎት ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ግን አማርኛ የለበትም። በዩቲዩብ "በኢ-መጽሐፍ ሀብታም ሁኑ" የሚሏችሁን ስትሰሙ ይህችን አስታውሱ።

እኛ ጋ ደግሞ በራስ ወጪ ማሳተም ዋናው መንገድ ነው እንጂ ሌላው በር ሲዘጋ የሚኬድበት ጓሮ አይደለም። በደርግ ጊዜ ኩራዝ የሚባል የመንግሥት አሳታሚ ነበር፤ ረቂቁም በቅድመ ምርመራ ያልፋል። ቅድመ ምርመራው በ1985 የፕሬስ አዋጅ ቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ከለከለው። ከዚያ በኋላ ደራሲን "ይሄን አውጣ፣ ይሄን ቁረጥ" የሚለው ማኅተም ያለው ቢሮ ቀረና "ስንት ብር ይዘሃል?" የሚለው ማተሚያ ቤት ብቻ ፊቱ ቆመ።

እስቲ በምሳሌ እንየው። እዚሁ ሀዋሳ የምትኖር አንዲት የሁለተኛ ደረጃ መምህርት አለች እንበል። ልብ ወለድ ትጽፋለች። ክፍል ከመግባቷ በፊት፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነስታ እስከ 1 ሰዓት ትጽፋለች። ማታ አትጽፍም፤ ማታ የተማሪ ደብተር አለ፣ መብራትም አይታመንም። ብዙውን ጊዜ የምትጽፈው በስልኳ ነው። ታክሲ ስትጠብቅ የመጣላትን ዓረፍተ ነገር ቴሌግራም ላይ ለራሷ ትልከዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ፍቅር ሐይቅ ወረድ ብላ የሳምንቱን ታነባለች። እዚያ አዲስ ነገር አትጽፍም፣ ትሰርዛለች እንጂ። (ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ልብ ወለድ መጻፍ በፎቶ ያምራል። ሲሞክሩት ግን አንዱ ሎተሪ ይዞ፣ ሌላው ካሜራ ይዞ ይመጣል።)

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በራሷ የምታሳትም ሰው የሚጠብቃት አሳታሚ ስለሌለ የመጨረሻ ቀን የላትም። ረቂቁን አምስት ዓመት ብታንከባልለው "የት አደረስሽው?" የሚላት የለም። ለዚህ ነው ብዙዎቹ የቴሌግራም ቻናል የሚከፍቱት። በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ክፍል ይለቀቃል፣ መጨረሻው ላይ "ይቀጥላል" ይላል፣ አንባቢው "ኧረ ቀጣዩ መቼ ነው፣ ገደልሽን እኮ!" ይላል። ያ ጩኸት ከማንኛውም ቀጠሮ በላይ ያስጽፋል።

ግን ዋጋ አለው። ክፍል በክፍል የሚለቀቅ ታሪክ ክፍሉን የሚዘጋው ልብ አንጠልጥሎ ነው፤ ካላንጠለጠለ አንባቢው አይመለስም። ስለዚህ በየክፍሉ መጨረሻ በር ይንኳኳል፣ ስልክ ይጮኻል፣ የጠፋው ባል ይመጣል። በስልክ ሲነበብ ደስ ይላል። አርባውን ክፍል አንድ ላይ ሰፍታችሁ መጽሐፍ ስታደርጉት ግን በየስድስት ገጹ በር የሚንኳኳበት ቤት ይሆናል። አንባቢው ይሰለቻል፣ ለምን እንደሰለቸው እንኳ አያውቅም። በተጨማሪም ባለፈው ክፍል የሆነውን ለማስታወስ ሲባል የተደጋገመው ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የቻናል ታሪክን መጽሐፍ ማድረግ እንደገና መጻፍ ማለት ነው። ገልብጦ ለማተሚያ ቤት መስጠት አይሆንም። አንባቢ በመጀመሪያው መጽሐፍ ተስፋ ቆርጦ ሁለተኛውን ሳይገዛ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው ባይ ነኝ።

ረቂቁ ሲያልቅ አርትዖት ይመጣል። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። "ጓደኛዬ የአማርኛ መምህር ነው፣ ያይልኛል።" ጓደኛው የፊደል ግድፈት ይለቅም ይሆናል፤ ሴራው የላላበትን ቦታ ግን አይነግራችሁም፣ ወይም ይሉኝታ ይዞት ዝም ይላል። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ ናቸው፤ ለሁለቱም ሁለት የተለያዩ ሰዎች ቢገኙ ጥሩ ነው።

ስለ ፊደልም አንድ ነገር ልበል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮችና ስልኮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ሆኖም ከዚያ በፊት በነበሩት ዓይነት ፊደሎች የተተየበ ረቂቅ ዛሬም አለ። ያ ፋይል ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ቅራቅንቦ ሆኖ ይመጣል። ስልክ ላይ የሚተየበው ዩኒኮድ ስለሆነ ይህ አያሰጋም። የሚያሰጋው ሌላ ነው። ገጸ ባሕርይዋ አንድ ቦታ "ሣራ"፣ ሌላ ቦታ "ሳራ" ከሆነች ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርጋታል፤ ስሟን ልቀይር ብላችሁ በአንዴ ብታስለውጡ ግማሿ ትቀራለች። የስሞችን አጻጻፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ወረቀት ላይ መዝግቡ።

ቀጥሎ ማተሚያ ቤት። ሀዋሳም ማተሚያ ቤቶች አሉ፤ ብዙ ቅጂ ሲሆን ግን 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ዋጋ መጠየቅ የተለመደ ነው። ስትጠይቁ ማወቅ ያለባችሁ፣ የመጽሐፍ ገጽ አንድ በአንድ አይታተምም። ትልቅ ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ አንድ ላይ ይታተምና ይታጠፋል። ስለዚህ 208 ገጽ ልክ 13 እጥፋት ነው፤ 210 ገጽ ከሆነ ግን ለሁለት ገጽ ብላችሁ ተጨማሪ ወረቀት ትከፍላላችሁ። ሁለት ገጽ መቁረጥ፣ ወይም የምስጋናውን ገጽ ማሳጠር ገንዘብ ነው። (የምስጋና ገጻችን ደግሞ ቢያጥር የሚጎዳ ሰው የለም።)

ኦፍሴት በሚባለው፣ ገጹ መጀመሪያ ፕሌት በሚሉት ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ በሚታተምበት ዘዴ ትልቁ ወጪ መነሻው ላይ ነው። ፕሌቱ ተሠርቶ፣ ማሽኑ ተስተካክሎ የመጀመሪያው ቅጂ እስኪወጣ ድረስ ያለው ወጪ 500ም አትሙ 3,000 ያው ነው። ለዚህ ነው ቅጂ ሲበዛ የአንዱ ዋጋ የሚወርደው። ፈተናውም እዚህ ጋ ነው። "3,000 ብታደርጊው እኮ አንዱ በጣም ይረክስልሻል" ይሏታል፣ እውነትም ይረክሳል። ያልተሸጠ መጽሐፍ ግን በስንትም ቢታተም ኪሳራ ነው፤ ክረምት ሲመጣም እርጥበት አለ።

ቁጥሩን እንየው። የገበያ ዋጋ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ለስሌት እንዲመቸን ብቻ የወሰድኩት ነው። መምህርቷ 1,000 ቅጂ አሳተመች፣ አንዱ 200 ብር አስወጣት፣ ማለትም 200,000 ብር። አርትዖት፣ ገጽ ቅንብርና ሽፋን 30,000 ብር ጨመረ። ጠቅላላ 230,000። የዕቁቧን ብር በሙሉ ከትታበታለች። የሽፋኑ ዋጋ 400 ብር ነው። አከፋፋይ ወይም መጻሕፍት መደብር 35 በመቶ ከወሰደ እሷ ጋ የሚደርሰው 260 ብር ነው። በመደብር ብቻ ከሸጠች ወጪዋን የምትመልሰው 885ኛው ቅጂ ላይ ነው። በእጇ ብትሸጥ ግን 575ኛው ላይ። ይህ ልዩነት ነው ደራሲዎችን በፌስታል መጽሐፍ ይዘው እንዲዞሩ የሚያደርጋቸው፣ እንጂ መዞር ወደው አይደለም።

ያም ሆኖ መደብር ያስፈልጋል። በእጅ የሚሸጠው የሚያውቃችሁ ሰው ጋ ነው፤ ያ ደግሞ ያልቃል። የመጀመሪያዎቹን በምረቃው ዕለት ዘመድ፣ ባልደረባና የቀድሞ ተማሪ ይገዛል። ከዚያ የቻናሉ ተከታይ በቴሌብር ይከፍላል፣ መጽሐፉ በአውቶቡስ ይላክለታል። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ከተማው በእንግዳ ሲሞላም የሚገዛ አይጠፋም። የማያውቃችሁ አንባቢ ጋ ግን የሚያደርሳችሁ መደብሩና አዟሪው ነው። መደብሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ከሸጠ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ስንት ቅጂ፣ መቼ፣ ለማን እንዳስረከባችሁ የሚያሳይ የተፈረመ ወረቀት ያዙ። "እሱማ ወንድሜ ነው" የሚባልበት ሥራ አይደለም።

መብቱስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው ሥራው የደራሲው የሚሆነው ሲጽፈው ነው፣ ሲያስመዘግበው አይደለም። ጥበቃው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ጀርባው ላይ ያለው አይኤስቢኤን ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ እሱ የመጽሐፉ መለያ ቁጥር ነው፣ የሚሰጠውም ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ነው። ገንዘብ የሚያበድራችሁ ነጋዴ "እኔ ላሳትምልህ" ካለ ደግሞ የሚገዛው አንዱን እትም ነው ወይስ መጽሐፉን ለዘላለም? በጽሑፍ ይለይ።

አዋጁ ቢኖርም ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ይወጣል። ይህን ማስቆም ከባድ ነው። አንዳንዶች ይሳደባሉ፣ ይራገማሉ። እኔ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ሕገ ወጡን ፋይል ለቴሌግራም ሪፖርት ማድረግ፣ ከዚያ በራስ ቻናል ሦስቱን የመጀመሪያ ምዕራፎች በነጻ ለቅቆ መጽሐፉ የሚገኝበትን መደብር ከሥር መጻፍ ነው። ሰው ፒዲኤፍ የሚፈልገው አንዳንዴ ከንፉግነት ሳይሆን መጽሐፉ ከተማው ውስጥ የት እንዳለ ስለማያውቅ ነው።

በዚህ መኖር ይቻላል ወይ ለሚለው፣ ወደ መምህርቷ ስሌት እንመለስ። ግማሹን በእጇ፣ ግማሹን በመደብር ሸጣ 1,000ውም አለቀላት እንበል። የገባላት 330,000 ብር ነው፤ ወጪው ሲቀነስ 100,000 ይተርፋታል። ለመሸጥ ሁለት ዓመት ከፈጀባት በወር 4,200 ብር አይሞላም፣ የጻፈችበት ጊዜ ሳይቆጠር። ስለዚህ ማስተማሯን አትተውም፣ መተውም የለባትም። ሁለተኛው እትም ላይ ግን አርትዖቱ፣ ቅንብሩና ሽፋኑ ተከፍሎባቸዋል፤ የወረቀት ዋጋ ካልዘለለ አዲሱ ወጪ ኅትመቱ ብቻ ነው። ከመታተሙ በፊት አንባቢዎች በቻናሉ የላኩላትን ግድፈት ታርማለች፣ የገጹን ቁጥርም በ16 ታካፍላለች።