መንገድ ሲዘጋ የሚጠብቅ ኔትወርክ

የለመድነው ኢንተርኔት ትዕግሥት የለውም። ስልካችንና ሰርቨሩ እኩል መስመር ላይ መገኘት አለባቸው። መልስ ሲዘገይ ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ምድርን የሚያጠና ሳተላይት በዚህ አካሄድ የትም አይደርስም፤ ዝቅ ባለ ምሕዋር ላይ የሚዞረው ሳተላይት አንዱን የመሬት ጣቢያ የሚያገኘው ለአሥር ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከዚያ ከአድማስ በታች ይሰወራል።

ለዚህ የተፈጠረው ዘዴ ዲቲኤን ይባላል፤ መዘግየትን የሚችል ኔትወርክ ማለት ነው።

መነኸሪያን አስቡት። ለዘመድ ዕቃ በአውቶቡስ ሲላክ ረዳቱ ይረከባል፤ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ካደረ ዕቃውም አብሮ ያድራል፣ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ብሎ እስኪደውል ድረስ የላኪው ልብ አያርፍም። ዲቲኤንም እንዲሁ ነው። ዳታው በጥቅል በጥቅል ይደረጋል። በየጥቅሉ ላይ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድና እስከ መቼ መቆየት እንዳለበት ይጻፋል። መስመር ከሌለ ይቀመጣል፣ ሲገኝ ይሄዳል። ስለዚህ ሳተላይቱ በቂ ማስቀመጫ ያስፈልገዋል፤ ማስቀመጫው ከሞላ ዘዴው ብቻውን አያድነውም።

ሐሳቡ መጀመሪያ የታሰበው ለሩቅ ጠፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኢንተርኔት ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ቪንት ሰርፍና ጄፒኤል የተባለው የናሳ (የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት) ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ፕላኔቶችን ስለሚያገናኝ ኢንተርኔት መሥራት ጀመሩ። በ2003 የኮምፒውተር ተመራማሪው ኬቪን ፎል ሐሳቡን ግንኙነት ለሚቆራረጥባቸው የምድር ኔትወርኮች አሰፋው። የጥቅሉ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የአላላኩ ደንብ፣ በ2007 ተጽፎ ወጣ፣ ሰባተኛው ስሪት ደግሞ በ2022። እኔን የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፦ በ2008 ፕሮቶኮሉ ከጠፈር ሲሞከር ቀድሞ የተጠቀመበት ወደ ማርስ የሚሄድ መንኮራኩር አልነበረም። አደጋ ሲደርስ ምድርን ፎቶ የሚያነሳው የብሪታኒያው ሳተላይት ዩኬ-ዲኤምሲ ነበር።

ትልቁ ማሳያ ፔስ የተባለው የናሳ ሳተላይት ነው። ጥር መጨረሻ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2024 ከፍሎሪዳ ተነሣ። የውቅያኖስን ቀለም ያያል፤ ከቀለሙ ተነሥቶ በዓይን የማይታዩትን፣ የባሕሩ ምግብ ሁሉ መሠረት የሆኑትን ፋይቶፕላንክተኖች ይለያል፣ ደመናና አየር ላይ የሚንሳፈፍ ብናኝንም ያጠናል። በቀን 3.5 ቴራቢት ገደማ ዳታ ያወርዳል፣ ይህን የሚያደርገው ከ12 እስከ 15 ጊዜ ከጣቢያ ጋር በመገናኘት ነው። ጣቢያዎቹ አላስካ፣ ቨርጂኒያ፣ ቺሊና የኖርዌዩ ስቫልባርድ ናቸው። ዲቲኤንን በመደበኛ ሥራው ላይ ያዋለ የመጀመሪያው የናሳ የምድር ሳይንስ ተልእኮ እሱ ነው። ናሳ ባሳወቀው መሠረት ከ34 ሚሊዮን በላይ ጥቅል ልኮ አንዱም አልጠፋም።

ዳታው የሚወርድበት ካ-ባንድ የተባለው የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ ዝናብ አይወድም። አንቴናው ላይ ዶፍ ሲወርድ ሲግናሉ ይደክማል፣ አንዳንድ ጥቅል ይቀራል። ባሕሩ ግን በዚያው ቀን በዚያው ቀለም ዳግም አይገኝም። ስለዚህ «ደረሰ» ያልተባለለት ጥቅል ሳይሰረዝ ይቆይና በሚቀጥለው ግንኙነት እንደገና ይላካል።