በጣና ዳር ስለ ጤናና ስለ መንግሥት ኃላፊነት የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቢልሃርዚያ የሚይዘው ጥንቃቄ የጎደለውን ሰው ነው።»

ይህን በባሕር ዳርና በዙሪያዋ የሚሰነዝሩ ሰዎች በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ ቢያስተውሉ ፍርዳቸውን ያለዝቡ ነበር። የበሽታው መንስኤ የሆነው ጥገኛ ትል እንቁላል ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ ከዚያም በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ተራብቶ ወደ ውኃው ይመለስና የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ የሚጠጡትን ውኃ ማፍላት ብቻውን አያድንም። እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ ታንኳውን የሚገፋ ዓሣ አስጋሪ፣ ሐይቁ ዳር ልብስ የምታጥብ እናት፣ ፎገራ ላይ በሩዝ ማሳው ውኃ ውስጥ የሚያርም ገበሬ «ተጠንቀቁ» ቢባሉ፣ ኑሯቸው ያለው እዚያው ውኃ ውስጥ ነው።

«ኪኒኑ በየትምህርት ቤቱ ከታደለ መንግሥት ድርሻውን ተወጥቷል።»

ለቢልሃርዚያ የሚታደለው ኪኒን፣ ፕራዚኳንቴል፣ ያደገውን ትል ይገድላል፤ ለጋውን ግን እምብዛም አይጎዳውም፣ እንደ ክትባትም ዳግም ከመያዝ አይከላከልም። ዕደላው እጅግ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ኪኒኑን የዋጠው ልጅ መኖሪያ ሰፈሩ መጸዳጃ ቤትና ቧንቧ ከሌለው ወደዚያው ውኃ ይመለሳል፤ ትሉም አብሮት ይመለሳል።

«ጤና የጤና ቢሮ ጉዳይ ነው።»

በሰር ማይክል ማርሞት የተመራው የዓለም ጤና ድርጅት ኮሚሽን በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ የሰዎችን ጤና በእጅጉ የሚወስነው የሚወለዱበት፣ የሚያድጉበት፣ የሚሠሩበትና የሚያረጁበት ሁኔታ መሆኑን አስረድቷል። ትራኮማ የተባለውን የዓይን በሽታ ለመከላከል የልጅን ፊት አዘውትሮ መታጠብ ይመከራል፤ ውኃ ከሩቅ በጀርባ በሚቀዳበት ቤት ግን ምክሩ የሚፈጸመው የውኃ ቢሮው ሥራውን ሲሠራ ነው። የፍሳሽ አወጋገድ፣ የቤት ይዞታ፣ የሴት ልጆች ትምህርትም እንዲሁ የጤና በጀት ተደርገው መታየት ይገባቸዋል።

«መንግሥት ይህን ቢያደርግ በችሮታው ነው።»

አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድደዋል፤ አንቀጽ 90 ደግሞ ንጹህ ውኃን፣ መኖሪያንና ምግብን ከጤና አገልግሎት ጋር አንድ ላይ ይጠቅሳል። እርግጥ ይኸኛው አንቀጽ «የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» ይላል፤ በእኔ እምነት ግን ይህ ሐረግ የሥራውን ፍጥነት ይወስን እንደሆነ እንጂ ግዴታውን አያስቀርም። በመሆኑም በቀበሌ ስብሰባ ተነሥቶ «ቧንቧው መቼ ይደርሰናል?» የሚል ነዋሪ ከተመደበው በጀትና ከቀነ ገደቡ ጋር የተሟላ መልስ ሊሰጠው ይገባል።