ኤንዳራን «አሜሪካ የሾመችው» ለምትሉኝ

ንጽጽራዊ ሕገ መንግሥት አስተምራለሁ። ፓናማ ላይ ስንደርስ ስለ ቀድሞው ፕሬዚዳንቷ በየዓመቱ ያቺው ጥያቄ ትመጣለች። «ጊየርሞ ኤንዳራ? አሜሪካ በታንክ አምጥታ ወንበር ላይ ያስቀመጠችው ጠበቃ አይደል እንዴ?» አይደለም! ሰለቸኝ።

መጀመሪያ ትንንሾቹን ላራግፍ። ነጭ ሸሚዙ በደም ርሶ፣ አገሪቱን ይገዛ የነበረው የጦር አዛዥ የኖሪዬጋ ሰዎች መንገድ ላይ ሲደበድቡት የሚታየው ያ ዝነኛ ፎቶ የኤንዳራ አይደለም። ለምክትልነት አብሮት የተወዳደረው የጊየርሞ ፎርድ ነው። ሁለቱም ጊየርሞ ስለሆኑ ይሆናል የሚምታቱት። ኤንዳራም በዚያው ቀን ጭንቅላቱን ተመትቶ ሆስፒታል ገብቷል።

እ.ኤ.አ. የ1990ውን የኤንዳራን የረሃብ አድማ «ለመክሳት ነው» የሚሉም አሉ። ሰውዬው ወፍራም ስለነበር የተፈጠረ ቀልድ ነው። ካቴድራል ውስጥ ተጋድሞ ምግብ ያቆመው የአሜሪካ እርዳታ ስለዘገየበት ነው። አሻንጉሊት ባለቤቱን እንዲህ ሲያኮርፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን ወደ ዋናው። ኤንዳራ ቃለ መሐላ የፈጸመው በአሜሪካ ጦር ሰፈር ውስጥ ነው፣ እሱም በዲሴምበር 1989 ኖሪዬጋን ያስወገደው የአሜሪካ ወረራ በተጀመረበት ሌሊት። ያሳፍራል፣ አልከራከርም። ግን መሐላ ሥልጣን አይሰጥም፣ የተሰጠን ሥልጣን ያስጀምራል እንጂ። ሥልጣኑን የሰጠው ከሰባት ወር በፊት፣ በሜይ 7 የወጣው መራጭ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ባደረገችው ቆጠራ የኖሪዬጋን እጩ ካርሎስ ዱኬን ወደ ሦስት ለአንድ በሚጠጋ ልዩነት ዘርሮታል። ኖሪዬጋ ይህን ሲያይ ምርጫውን አሰረዘ። ከወረራው በኋላ ደግሞ ያው የሰረዘው የምርጫ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮ ኤንዳራ አሸናፊ መሆኑን አወጀ። አዎ፣ ዳኞቹ ነፋሱ ወዴት እንደዞረ አይተዋል፤ የድምፁ ቁጥር ግን ያው ነው።

አንድ ተማሪዬ ፈተና ላይ «አሻንጉሊት መንግሥት» እያለ ስድስት ገጽ ጻፈልኝ። ሜይ የምትለዋ ወር አንድም ቦታ የለችም። ቀነስኩበት፣ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ተከራከረኝ፣ አልጨመርኩለትም። ስለዚህ እባካችሁ፣ የማንንም መሪ ሕጋዊነት ስትመዝኑ ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል ማን መረጠው፣ በሌላው በኩል ማን አስገባው ብላችሁ ጻፉ። ወረራው ሕገወጥ ነው ማለት ትችላላችሁ፣ እኔም እላለሁ፤ ያ ግን የሰዉን ድምፅ አይሰርዘውም።

«የፓናማን ሠራዊትም አሜሪካ ናት የበተነችው» ይባላል። በጦርነት መታችው እንጂ በሕግ የቋጩት ፓናማውያን ናቸው። ያውም በቀላሉ አይደለም። በ1992 ሕዝበ ውሳኔ ላይ ሠራዊቱን የሚያስቀረው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወደቀ፣ በ1994 በምክር ቤት በኩል ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገባ። ኤንዳራ በዚያው ዓመት ዘመኑ ሲያልቅ ወረደ። ሥልጣኑን ያስረከበው ደግሞ ለፔሬዝ ባያዳሬስ ነው፤ በ1989 ከኖሪዬጋ ወገን ተሰልፎ ለነበረው ፓርቲ ሰው።