የንባብ ምናባዊ ሥዕል ምንድን ነው?

የንባብ ምናባዊ ሥዕል የሚባለው አንባቢ የተጻፈ ታሪክ ሲከተል በዐይነ ልቡናው የሚያየው ሰው፣ ቤት፣ መንገድና ድርጊት ነው። ሥዕል ቢባልም ተስሎ ያለቀና ፍሬም የገባለት ምስል አድርጎ ማሰብ ግን ያሳስታል። ከጥቂት ወራት በፊት አንብበው የወደዱትን ልብ ወለድ ያስታውሱና የዋናው ባለታሪክ ጆሮ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ፣ ሲቆጣ ድምፁ ይቀጥናል ወይስ ይወፍራል፣ ሲናገር በየትኛው እጁ ያመለክታል ብለው ራስዎን ይጠይቁ። አብዛኛው ሰው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለውም፤ ያም ሆኖ ባለታሪኩን «አየሁት» ብሎ ለመማል የሚያመነታ አንባቢ ጥቂት ነው።

ይህን ጉዳይ በቅጡ ካብራሩት አሳቢዎች አንዱ ፖላንዳዊው ፈላስፋ ሮማን ኢንጋርደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው ሥራው እንዳስረዳው፣ ደራሲ የቱንም ያህል ቢዘረዝር አንድን ሰው ወይም ዕቃ ከሁሉም ማዕዘን ገልጾ ሊጨርሰው አይችልም፤ ስለዚህ በማንኛውም ድርሰት ውስጥ ሳይወሰኑ የቀሩ ቦታዎች አሉ፣ አንባቢም ከፊሎቹን ከራሱ ይሞላቸዋል፣ ከፊሎቹን ደግሞ ሳያስተውል ያልፋቸዋል። ጀርመናዊው የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ቮልፍጋንግ ኢዘር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሐሳቡን ወደ ፊልም አሻገረው። አንድ ሰው ያነበበውን መጽሐፍ በፊልም አይቶ «እኔ ያሰብኩት እንዲህ አልነበረም» ሲል የሚያስከፋው የተዋናዩ መልክ ብቻ አይደለም፤ ፊልሙ ሁሉንም ወስኖ ስለሚያቀርብለት የሚሠራው ሥራ ያጣል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ፊልም ከአንባቢ የሚወስደው አንድ ነገር ቢኖር የሥዕሉን አለማለቅ ነው።

ክፍተቱ የሚሞላው አንባቢው በሕይወቱ ካየው ነገር ሲሆን፣ ለዚህ የአዲስ አበባ ዳርቻ ጥሩ ማሳያ ነው። በቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎቹ ካበቁበት ብዙ ሳይርቅ የጤፍ ማሳ ይጀምራል፤ በአንድ ክፍል፣ አንዳንዴም በአንድ ዴስክ ላይ፣ በሕንፃው ያደገ ልጅና የገበሬ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መምህራቸው በ1958 ዓ.ም. ከታተመው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ ምዕራፍ ቢያነቡላቸው፣ አውድማና ጎተራ ለአንደኛው የአያቱ ግቢ ናቸው። ለሌላው ጎተራው ስሙን ብቻ የሰማው ነገር ነው፤ እልፍኙም ቢሆን በምናቡ ሳሎን ይሆንና ሶፋ ሳይገባበት አይቀርም። የገበሬው ልጅም ቢሆን የሚያየው የአቃቂን ሜዳ እንጂ የጎጃምን ተራራ አይደለም። ታሪኩን በመከተል ረገድ ግን ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ሥዕልና ፊልም ወደዚህ ያልተቋጨ ነገር ሲገቡ አንዳንዴ ጽሑፉ ዝም ባለበት ቦታ ነው። ሼርሎክ ሆልምስ ሲባል ከፊትም ከኋላም ከለላ ያለው ቆብና ቆልማማ ፒፓ የማይታየው ሰው የለም። አርተር ኮናን ዶይል ግን ያን ቆብ በተለመደ ስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ የጆሮ መሸፈኛ ያለው የጉዞ ቆብ ብሎ በአንድ ሐረግ አልፎታል። እኛ የምናውቀውን ቆብ የሰጠን እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ታሪኮቹ ይወጡበት በነበረው ስትራንድ መጽሔት ላይ ይሥል የነበረው ሲድኒ ፓጄት ነው፤ ቆልማማውን ፒፓ ያስለመደው ደግሞ መርማሪውን በቴአትር መድረክ የተጫወተው አሜሪካዊው ዊሊያም ጂሌት እንደሆነ ይነገራል። ሌላ ጊዜ ሥዕሉ የሚገባው የተጻፈውን ሽሮ ነው። ሜሪ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1818 ባሳተመችው «ፍራንከንስታይን» ውስጥ ፍጡሩ ቢጫ ቆዳ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፀጉርና እንደ ሉል የነጣ ጥርስ አለው፤ መጻሕፍት ያነባል፣ ፈጣሪውንም በረቱዕ አንደበት ይሞግታል። እ.ኤ.አ. በ1931 የተሠራው ፊልም ቦሪስ ካርሎፍን አናተ ጠፍጣፋ፣ አንገቱ ላይ ብረት የተሰካበትና ቃል የማይወጣው ፍጡር አድርጎ አቀረበው። ዛሬ መጽሐፉን የሚከፍት ሰው ፍጡሩ መናገር ሲጀምር ግራ የሚጋባው የፊልሙ ፍጡር ቀድሞ ቦታውን ስለያዘ ነው።

ይህ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ብዙዎቻችን ፊደል ሳንቆጥር የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አይተን ያደግን ነን። የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 2 ሰብአ ሰገል ስንት እንደነበሩ አይናገርም፤ ስጦታዎቹ ሦስት በመሆናቸው ሦስት ሰዎች ተሥለው በዚያው ጸንተዋል። የአገራችን ጥንታዊ የአሣሣል ልማድ ከዚህም ያልፋል። ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፣ ክፉዎች ግን በጎን በአንድ ዐይን ስለሚሣሉ፣ ተመልካቹ ታሪኩን ሳይሰማ ፍርዱን ያውቃል። ፊልምም ይህንኑ በብርሃን፣ በሙዚቃና በተዋናይ ምርጫ ያደርጋል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ፊታውራሪ መሸሻን በጽሑፍ የሚያገኛቸው አንባቢ በትዕቢታቸው ይስቃል፣ ይናደዳል፣ አንዳንዴም ያዝንላቸዋል፤ የሳቁንና የሐዘኑን መጠን የሚያደላድለው እሱ ራሱ ነው። የፊታውራሪው ገጽና አነጋገር በአንድ ተዋናይ ከተያዘ በኋላ ግን መጠኑ በአመዛኙ በዳይሬክተሩ ተወስኗል። ከመልክና ከልብስ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ደራሲዎች ራሳቸው ነገሩን ቀድመው አውቀውታል። ጉስታቭ ፍሎቤር እ.ኤ.አ. በ1862 በጻፈው ደብዳቤ በሕይወት እስካለ ድረስ ሥራው በሥዕል እንዳይታጀብ ከለከለ፤ የተሣለች ሴት አንዲትን ሴት ብቻ ትመስላለች፣ የተጻፈች ሴት ግን ብዙ ሴቶችን ታሳስባለች የሚል ነበር ክርክሩ። ፍራንዝ ካፍካም አንድ ሰው ጠዋት ሲነቃ ራሱን ወደ ተባይ ተለውጦ የሚያገኝበት ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1915 በመጽሐፍ ሊወጣ ሲል ለአሳታሚው ጽፎ ተባዩ ከሩቅ እንኳ እንዳይሣል ለመነ። በሽፋኑ ላይ የወጣው ጋውን ለብሶ ፊቱን በሁለት እጁ የሸፈነ ሰው ነው፤ ከኋላው በሩ ገርበብ ብሏል፣ ከበሩ ውስጥ ጨለማ እንጂ ሌላ አይታይም። ሽፋን ይሉሃል ይህ ነው። በእኛ ሰፈር ታክሲ መያዣ አጠገብ ላስቲክ አንጥፎ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጠው ልጅ ዘንድ ከተደረደሩት ልብ ወለዶች ብዙዎቹ የአንዲት ቆንጆ ፎቶግራፍ አለባቸው፤ ከባለታሪኳ ጋር ምን እንደሚያዛምዳት የሚያውቀው ሽፋኑን ያዘጋጀው ሰው ብቻ ነው።

የድምፅ ጠባይ የተለየ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ያደመጡ ሰዎች ዛሬ መጽሐፉን ድምፅ ሳያሰሙ ሲያነቡ እንኳ ዓረፍተ ነገሩ በእሱ አንደበት ይመጣላቸዋል። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን የጉዱ ካሳን ንግግር ከነዜማው አስመስለው ይደግሙታል። «ጋሼ፣ መልኩስ ምን ይመስላል?» ብዬ ስጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና «እሱን እንኳ እንጃ፤ ቀጠን ያለ ይመስለኛል» አሉኝ። ትረካው ጆሯቸውን ይዞ ዐይናቸውን ነፃ ትቶታል።

ሁሉም ሰው በእኩል ደረጃ አያይም። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1880 ሰዎች የዚያን ቀን ጠዋት ቁርስ የበሉበትን ገበታ በምናባቸው እንዲያዩት ሲጠይቅ፣ አንዳንዱ ከነቀለሙ አጥርቶ ሲያየው አንዳንዱ ምንም አላየም። ምናባዊ ሥዕል ጨርሶ የማይመጣላቸውን ሰዎች ሁኔታ የነርቭ ሐኪሙ አዳም ዜማን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 አፋንታዢያ ብለው ሰይመውታል። እንዲህ ያለ አንባቢ ልብ ወለድ አይወድም ማለት አይደለም፤ ንግግሩን፣ ሐሳቡንና የነገሩን አካሄድ ይከተላል። ለእሱ ፊልም ፊት ይሰጠዋል እንጂ የሚቀማው ፊት የለም።

ስለዚህ ከመጽሐፉና ከፊልሙ የቱ ይቅደም የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። በሕንፃው ላደገው ልጅ የድሮ ግቢን አሠራር፣ የጎተራን ቅርጽና የእልፍኝን ውስጥ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ወይም ፊልም ከንባቡ በፊት ቢያይ ይጠቀማል፤ ደራሲው አንባቢው እንደሚያውቃቸው ቆጥሮ ያልገለጻቸው ነገሮች ናቸውና። የባለታሪኮቹን ፊት የሚያሳየው ፊልም ግን መጽሐፉ አልቆ ልጁ ማንን እንደወደደና በማን እንደተናደደ ከተናገረ በኋላ ቢመጣ ይሻላል።