ስከንክ ቁጥር 1፦ የአንድ ድቅል ካናቢስ የዘር ሐረግ፣ ሽታና ውጤት

ስከንክ ቁጥር 1 በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የተዳቀለ የካናቢስ ዝርያ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙን የወሰደው ሲያስፈራሩት ከጭራው ሥር የሚከረፋ ፈሳሽ ከሚረጨው የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ድቅሎች የዘር ሐረጋቸውን ወደ እርሱ ይመዝዛሉ።

ወላጆቹ ሦስት ናቸው ይባላል፦ አንድ የአፍጋኒስታን ዝርያ፣ የሜክሲኮው አካፑልኮ ጎልድ እና የኮሎምቢያው ኮሎምቢያን ጎልድ። «ይባላል» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ የአዳቃዮቹ ቃል እንጂ የቤተ ሙከራ ውጤት አይደለም፤ በዘመኑ የተክልን የዘር ሐረግ የሚለይ የዘረ መል ምርመራ አልነበረም። ማዳቀሉ ያስፈለገበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ካናቢስ የሚያብበው ቀኑ እያጠረ፣ ሌሊቱ እየረዘመ ሲሄድ ነው። ከምድር ወገብ አካባቢ የመጡት ረጃጅምና ቀጫጭን ቅጠል ያላቸው ዝርያዎች አበባቸውን ለመጨረስ ብዙ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል፤ ወደ ሰሜን ራቅ ባለ አገር ሲዘሩ ሳይደርሱ ብርዱ ይቀድማቸዋል። የአፍጋኒስታኑ ተራራማ ዝርያ በአንጻሩ አጭር፣ ቅጠለ ሰፊ፣ ሙጫው የበዛና ቶሎ የሚደርስ ነው። የአንዱን ፍጥነት ከሌላው ጠባይ ጋር ማዋሃድ ነበር የተፈለገው።

ሁለት ተክል ማዳቀል ቀላል ነው። አስቸጋሪው የተገኘውን ጠባይ ማጽናት ነው፤ ከድቅል የተገኘ ዘር መልሶ ሲዘራ ልጆቹ አንዱ ወደ እናቱ፣ ሌላው ወደ አያቱ እያደላ ይበታተናሉ። ሴክረድ ሲድስ የሚባለው የካሊፎርኒያ ቡድን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየመረጠ ዘሩ ተመሳሳይ ተክል እንዲሰጥ አደረገ፤ የስከንክ ቁጥር 1 ዝና በዋናነት ከዚህ የመጣ ነው። በ1980ዎቹ አዳቃዩ ዴቪድ ዋትሰን ዘሩን ወደ ኔዘርላንድስ ወሰደው፤ ዝርያውም በ1988 አምስተርዳም ውስጥ በተካሄደው የመጀመሪያው የካናቢስ ካፕ ውድድር አሸነፈ። በእንግሊዝ ቺዝ ተብሎ የታወቀው ዝርያ ከእርሱ ዘር ተለይቶ የወጣ አንድ ተክል ነው።

ሻጮች ድቅልን «ይህን ያህል በመቶ ሳቲቫ፣ ይህን ያህል ኢንዲካ» እያሉ ያስተዋውቃሉ። ሳቲቫና ኢንዲካ የሁለት የካናቢስ ዓይነቶች መጠሪያ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ስም በ1753 ሊኒየስ፣ ሁለተኛውን በ1785 ላማርክ የሚባሉ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ሰጡ። በ2015 የታተመ የዘረ መል ጥናት ግን በገበያ ላይ ያለው ስያሜ ከተክሎቹ ትክክለኛ ዝምድና ጋር ብዙም እንደማይገጥም አሳይቷል። መቶኛውን እንደ ማስታወቂያ ጌጥ ብናየው አንሳሳትም።

ከመቶኛው ይልቅ ብዙ የሚናገረው ተክሉ የወረሰው ኢንዛይም ነው። ካናቢጄሮሊክ አሲድ የሚባለውን መነሻ ውህድ አንዱ ኢንዛይም ወደ ቲኤችሲ አሲድ (ቲኤችሲ የካናቢስ ዋናው አስካሪ ውህድ ነው)፣ ሌላው ወደ ሲቢዲ አሲድ (ሲቢዲ አያሰክርም) ይለውጠዋል። የስከንክ ዓይነቶች በቲኤችሲው መንገድ የሚሄዱ በመሆናቸው ሲቢዲያቸው ከምንም አይቆጠርም። አሲዱ ራሱ አያሰክርም፤ ሙቀት ሲያገኘው ነው ቲኤችሲ የሚሆነው። ቲኤችሲን በ1964 ነጥለው ያወጡት ራፋኤል ሜሹላም እና የሂኤል ጋኦኒ ናቸው።

የካናቢስ መዓዛ በአብዛኛው ቴርፒን የሚባሉት የተክል መዓዛ ውህዶች ሥራ ነው። በስከንክ ዘሮች ውስጥ ብዙ ጊዜ ማይርሲን ይጎላል፤ ማንጎና የቢራ ጌሾ ውስጥም ይገኛል። ካርዮፊሊን የቁንዶ በርበሬና የቅርንፉድ ነው፣ ሊሞኒን የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ። ለረጅም ጊዜ ያ የሚከረፋው ሽታም ከቴርፒን እንደሚመጣ ይታሰብ ነበር። በ2021 የወጣ ጥናት ግን ምንጩ እጅግ በጥቂቱ የሚገኝ፣ ድኝ ያለበት ውህድ መሆኑን ገለጠ። ቢራ በጠራ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ያንኑ ሽታ የሚያመጣው ይኸው ውህድ ነው! ስለዚህ ተክሉ ስሙን ያገኘበት ሽታ በቴርፒን ዝርዝር ውስጥ የለም።

ቲኤችሲ በአንጎል ውስጥ ሲቢ1 ከሚባለው ተቀባይ (በሕዋስ ላይ ያለ ምልክት ተቀባይ ፕሮቲን) ጋር ይጣበቃል። ሲጨስ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰማል፤ ሲበላ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይዘገያል፣ ቆይታውም ይረዝማል። ደስታ፣ የጊዜ ስሜት መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት፣ የአፍ መድረቅ፣ የዓይን መቅላትና የልብ ምት መፍጠን የተለመዱ ናቸው፤ መጠኑ ሲበዛ ጭንቀትና ጥርጣሬ ይከተላል። የቅርብ ጊዜ ትውስታና መኪና የመንዳት ችሎታ ይዳከማሉ። ቴርፒኖች ውጤቱን ይለውጣሉ የሚለው አባባል በሰፊው ይነገራል፤ ካርዮፊሊን ሲቢ2 ከሚባለው ተቀባይ ጋር መጣበቁ በ2008 ታይቷል። ማይርሲን ያስተኛል የሚለው ግን በዋናነት በአይጦች ላይ በከፍተኛ መጠን ከተደረገ ሙከራ የመጣ ነውና፣ ከዚያ ተነስቶ «ይህ ለማታ፣ ያኛው ለጠዋት» ማለት መረጃውን ከአቅሙ በላይ መጫን ነው።

ጉዳቱን በተመለከተ የበለጠ የተጠናው የቲኤችሲ ብርታት ነው። በአውሮፓና በብራዚል ተሠርቶ በ2019 የታተመ ጥናት፣ ብርቱ ካናቢስ በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ፈጽሞ ከማይጠቀሙት ይልቅ የሳይኮሲስ (ከእውነታው የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) አጋጣሚያቸው ወደ አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። በብሪታንያ «ስከንክ» የሚለው ቃል የአንድ ዝርያ ስም መሆኑ ቀርቶ የማንኛውም ብርቱ ካናቢስ መጠሪያ ሆኗል። በ2016 እዚያ ፖሊስ ከያዛቸው ናሙናዎች 94 በመቶው የዚህ ዓይነት ነበሩ፤ የቲኤችሲያቸው መካከለኛ መጠንም 14 በመቶ ገደማ ነበር። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ በእርግጥ የካሊፎርኒያው ዘር ልጅ እንደሆነ በስሙ ብቻ መለየት አይቻልም።