«አሳታሚ» ማለት ምንድን ነው?

ሰሞኑን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሻይ እየጠጣሁ አዲስ የወጣ ልብ ወለድ እጄ ገባ። የመጀመሪያውን ቅጠል ገለጥኩ። «አሳታሚ፦» ይልና የማተሚያ ቤቱ ስም ተጽፏል። ደራሲው ግን ሙሉውን ወጪ የከፈለው ከኪሱ ነው። መጽሐፍ ማረም እንጀራዬ ስለሆነ ይህን ስሕተት ደጋግሜ አያለሁ። አሁንስ በዛ።

ማተሚያ ቤት አታሚ ነው። አሳታሚ የሚያሳትመው ነው። ሐረር መኪና ግርግር ሄዳችሁ ልብስ ስታሰፉ ሰፊው ይሰፋል፣ እናንተ ታሰፋላችሁ። ጨርቁን የገዛችሁት፣ ሞዴሉን የመረጣችሁት፣ የእጅ ዋጋውን የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ። ቀሚሱ ቢያምርም ቢጠብም የእናንተ ነው። ሰፊው ገበያ ወጥቶ አይሸጥላችሁም። ልኩን በወረቀት ጽፋችሁ ከሰጣችሁት ደግሞ በወረቀቱ ልክ ይሰፋል።

ይቺ የልኩ ነገር ናት ሰው የምትጎዳው። አንድ የማውቀው የድሬ ደራሲ 1,000 ቅጂ አሳተመ። ካርቶኑን ሲከፍት ምዕራፍ አራት ሁለት ጊዜ ገብቷል። ማተሚያ ቤት ሄዶ ተቆጣ። እሱ ራሱ የፈረመበትን ናሙና አወጡለት። እዚያም ላይ ምዕራፍ አራት ሁለት ጊዜ አለ። ገጽ በገጽ ሳያይ ነበር የፈረመው። ማተሚያ ቤቱ ያርምልኛል ብሎ ነበር። ማሳረም፣ ሽፋን ማሠራት፣ የቅጂውን ብዛትና ዋጋውን መወሰን፣ ከአከፋፋይ ጋር መዋዋል የአሳታሚው ሥራ ነው። በራሱ የሚያሳትም ደራሲ ይህን ሁሉ ተሸክሟል።

አንድ አስተያየት ሰጪ «በራሱ የሚያሳትም አሳታሚ ያጣ ነው» ሲል ሰማሁ። ወንድሜ፣ እሱ ራሱ አሳታሚ ሆኗል! ወጪውንም ኪሳራውንም ትርፉንም ወስዷል። ይህ እንዴት ማጣት ይባላል?

በእርግጥ ወጪውን ችሎ ለደራሲው የሚከፍል አሳታሚ ድርጅት አለ። ማተሙንም ማሳተሙንም አንድ ላይ የያዘ ተቋምም ይኖራል። «እናሳትምልሃለን» ብሎ ሙሉውን ገንዘብ ከእናንተ የሚቀበለው ግን አገልግሎት ነው የሚሸጥላችሁ። ውሉ ላይ መብቱ ለማን እንደተጻፈ ሳታነቡ እንዳትፈርሙ።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዚሁ ጋር ስለሚምታታ ነው። ከወመዘክር (ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) የሚሰጠው አይኤስቢኤን (ISBN) የቅጂ መብት ማረጋገጫ አይደለም። ባለ 13 አኃዝ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ነው። የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው እንደተፈጠረ የደራሲው ይሆናል፣ ምዝገባ አይጠብቅም። ቁጥሩን ስትጠይቁ አሳታሚ በሚለው ቦታ የራሳችሁን ስም ጻፉ። መጽሐፉ ውስጥም «አሳታሚ፦ ደራሲዋ» ይባል። የማተሚያ ቤቱ ስም ከሥር፣ «አታሚ፦» ከሚለው ጎን ይግባ።