«ካሜራህ ስንት ሜጋ ነው?»፦ ስለ ፒክስል ብዛት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ካሜራ አንጠልጥለህ ሠርግ ቤት ከገባህ፣ ሰላምታው ሳያልቅ የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል። «ስንት ሜጋ ነው?» ሜጋ የሚሉት ሜጋፒክስል ነው፣ ፎቶው የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ ማለትም ፒክስሎች፣ በሚሊዮን ሲቆጠሩ። ስለ ሌንሱ የሚጠይቅ የለም። አልፈርድም፣ እኔም ድሮ ከጠያቂዎቹ ነበርኩ። ከዚያ 24 ሜጋፒክስል ካሜራዬን ሸጬ፣ ብር ጨምሬ፣ 45 ሜጋ ገዛሁና ፎቶዎቼ የባሱ መስለውኝ ምን እንደነካቸው ስፈልግ ወራት ፈጀሁ።

«45 ሜጋ ከ24 እጥፍ ያህል ዝርዝር ያሳያል»

አያሳይም። ሜጋፒክስል የሚቆጥረው ስፋት ነው፣ ወርድ በቁመት ተባዝቶ። የመሬትህ ስፋት እጥፍ ሆነ ማለት የምታጥረው አጥር እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም። 24 ሜጋ ማለት 6000 በ4000 ፒክስል ነው። ኒኮን በፈረንጆቹ 2017 ያወጣው ዲ850 ደግሞ 45.7 ሜጋ ሆኖ 8256 በ5504 ነው። ወርዱ የጨመረው 38 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የእውነት እጥፍ ከፈለግክ 96 ሜጋ ያስፈልግሃል።

ደግሞስ የት ልታየው ነው? 24 ሜጋ በጥሩ ጥራት፣ ማለትም በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም፣ 50 በ34 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣዋል። እኔ የማሳትመው አልበም ገጹ ከዚህ አይበልጥም። ዘመድ አዝማዱ የሚያየው ቴሌግራም ላይ ነው፣ እሱም እንደ ፋይል ካልላክኸው በቀር አሳንሶ ነው የሚያደርሰው። 4ኬ የሚባለው ቴሌቪዥን እንኳ ያለው 8 ሜጋ ገደማ ነው።

«ፒክስሉ ከበዛ ፎቶው ጥርት ይላል»

እኔን የበላኝ ይሄኛው ነው። አንድ ማለዳ ጣርማበር አካባቢ፣ የምኒልክ መስኮት ከሚሉት ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ ጭላዳ አነሳለሁ። ጭላዳ ገደሉ ላይ አድሮ ፀሐይ ሲሞቅ ነው ወደ ሜዳው የሚወጣው፣ ስለዚህ አንተም በዚያ ብርድ ቆመህ ትጠብቃለህ። ነፋሱ ጋቢ ይገፋል። ሌንሴ 200 ሚሊሜትር፣ ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ የሰከንድ 1/200። የሹተሩ ፍጥነት ከሌንሱ ቁጥር አይነስ የሚለውን የድሮ ሕግ ይዤ ማለት ነው። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ መቶ በመቶ ሳጎላው የወንዱ ጎፈር የተባዘተ የመንዝ በግ ፀጉር መስሎ አረፈው። ፎከሱ ልክ ነው፣ የተንቀጠቀጠው እጄ ነው። በ24ቱ ካሜራ አንድ ፒክስል ውስጥ ተደብቃ የምታልፈው ንዝረት፣ ፒክስሉ ሲያንስ ወደ ጎረቤቱ ትሻገራለች።

ልብ በል፣ ፎቶው ከድሮው ባሰ ማለት አይደለም። ሁለቱን በአንድ መጠን ብታትማቸው አይለያዩም። ለተጨማሪው ፒክስል የከፈልኩት ብር ነው ገደል የገባው። አሁን በዚያው ሌንስ ከ1/400 በታች አልወርድም፣ ካልሆነም ትራይፖድ። ሌንሱም ደካማ ከሆነ ያው ነው። ከአፋፉ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ስታነሳ በመሃል ያለውን ጭጋግ ደግሞ የትኛውም ሜጋ አይገፈውም።

«ሁሉም ጥርት እንዲል ኤፍ 16 ላይ ዝጋው»

ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል። ኤፍ 16 ላይ አንዲት ነጥብ 21 ማይክሮን ገደማ የምትሰፋ ክብ ሆና ብርሃን በሚቀበለው ሰሌዳ፣ በሴንሰሩ ላይ ታርፋለች። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የ45 ሜጋው አንድ ፒክስል ወርዱ ከ4 ማይክሮን ትንሽ ቢበልጥ ነው። ነጥቧ አምስት ፒክስል ላይ ተንጣለለች ማለት ነው። ኤፍ 8 ላይ ቁጭ በል።

«ሜጋው የበዛ ካሜራ ጨለማ ላይ አይረባም»

አጉልተህ ፒክስል በፒክስል ካየኸው አዎ፣ ኖይዙ፣ ማለትም አሸዋ የመሰለው ነጠብጣብ፣ ይበዛል። ሁለቱ ሴንሰሮች ስፋታቸውና ዘመናቸው ተቀራራቢ ከሆነ ግን፣ በአንድ መጠን ስታትማቸው ልዩነቱ ብዙም አይታይም። በጧፍ ብርሃን ስታነሳ የሚያድንህ የሌንስህ ቀዳዳ ስፋት ነው።

«ሚሞሪ ርካሽ ነው፣ ምን ችግር አለው?»

ይሄን የሚለው ሠርግ አንስቶ የማያውቅ ሰው ነው። የሶኒ ኤ7አር 4 የሚባለው ካሜራ 61 ሜጋ ነው፣ ያልታመቀ የራው ፋይሉ፣ ማለትም ካሜራው ሳይነካካ የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ፣ አንዱ ብቻ 120 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ሁለት ሺህ ፎቶ ብታነሳ 240 ጊጋባይት። ሃርድ ዲስክ ይበላሻልና ሁለት ቦታ ታስቀምጣለህ፣ 480። መልሱን ገና አላነሳህም። ታምቆ እንዲቀመጥ ብታደርግ በግማሽ ይቀላል፣ ግን ያቺ አሮጌ ላፕቶፕ አንድ ፎቶ ከፍታ እስክታሳይህ ቡና ይፈላል። የሙሽራው እናት ደግሞ በሦስተኛው ቀን «ልጄ፣ ፎቶው ደረሰ?» ብለው ይደውላሉ።

«ክሮፕ ስለምታደርግ ረጅም ሌንስ አያስፈልግህም»

ግማሹ እውነት ነው። 61 ሜጋውን በ1.5 እጥፍ ብትቆርጠው 27 ሜጋ ገደማ ይተርፍሃል፣ 300 ሚሊሜትሩ እንደ 450 ሆነልህ። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ከሩቅ አይጥ ስታደባ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በሦስት እጥፍ ስትቆርጠው ግን 7 ሜጋ እንኳ አይሞላም፣ ንዝረቱና ጭጋጉም አብረው ይጎላሉ።

«እንግዲያው ብዙ ሜጋ ጥቅም የለውም»

እሱም ስህተት ነው። አንድ ወዳጄ የብራና መጽሐፍ ሲያነሳ ያንኑ 45 ሜጋዬን ይዤ አገዝኩት። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ቁልቁል ታስሯል፣ መብራት በግራና በቀኝ፣ ኤፍ 8፣ የሚጫነው በሪሞት። እጅ የለ፣ ነፋስ የለ። አጉልተን ስናየው የቀዩ ቀለም ስንጥቅ ታየ፣ ጸሐፊው መስመር ለማስመር ዳር ዳሩን በወስፌ የወጋቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ሳይቀሩ ታዩ። ወዳጄ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ። ካሜራውን ለዚህ ዓይነት ሥራ አስቀርቼዋለሁ። ለሠርጉ ያገለገለ 24 ሜጋ መልሼ ገዝቻለሁ።